ልጄ ምኑን ያስታውሰው ይሆን?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ልጆቻችን ሲያድጉ ከልጅነታቸው ምን ይዘው ይቀራሉ? በዚህ ውስጥ የእኛ የወላጆች ድርሻስ ምንድን ነው? ለሌላ ጊዜ ላሳድራቸው ስላልወደድኩ አራቱንም አቅርቤአለሁ። ለመጀመሪያው ደብዳቤ የሰጠሁት መልስ ለሌሎቹም ስለሚያገለግል ረዘም ይላል።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ሴት ልጅና የ10 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ከሥራ የምገባው መሽቶ ነው። እራት፣ ገላ ማጠብ፣ ማስተኛት፣ በቃ። ጓደኞቼ ልጆቻቸውን ይዘው የተጓዙበትን፣ የደገሱላቸውን ልደት ፎቶ ሲያሳዩኝ ሆዴ ይባባል። እኔ ለዚያ ጊዜውም ገንዘቡም የለኝም። ልጄ አድጋ ስለ እኔ ስትጠየቅ «እናቴ ሁልጊዜ ይደክማት ነበር» ብቻ እንዳትል እፈራለሁ። ደግሞ ልጆች ከ3 ዓመት በፊት የሆነውን ሁሉ ይረሳሉ ሲባል ሰማሁ። ታዲያ ለትንሹ የምለፋው በከንቱ ነው? ልዩ ትዝታ እንዲኖራቸው ምን ላድርግ? — መሽቶ የምትገባ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከትንሹ ልጅሽ ልነሣ።

የሰማሽው እውነትነት አለው። አብዛኛው ሰው ካደገ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያስታውስ የሚችለው የመጀመሪያው ነገር 3 ዓመት ወይም 3 ዓመት ተኩል ገደማ ሳለ የሆነውን ነው። ይህ ግን ሕፃናት አያስታውሱም ማለት አይደለም። ካሮሊን ሮቪ ኮሊየር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሕፃኑ አልጋ በላይ የተንጠለጠለ መጫወቻን በጥብጣብ ከሕፃኑ ቁርጭምጭሚት ጋር ታስር ነበር። ሕፃኑ በተራገጠ ቁጥር መጫወቻው ይወዛወዛል። የ3 ወር ሕፃን ይህን ከተለማመደ ሳምንት ያህል ቆይቶ እንኳ ያንኑ መጫወቻ ሲያይ መራገጥ ይጀምራል። የ6 ወሩ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል አይረሳውም። ትንሹ ልጅሽ ዛሬም እያስታወሰ ነው ማለት ነው፤ የሚጠፋው በኋላ ነው። ለምን ይጠፋል ለሚለው ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ቶሮንቶ ውስጥ በአይጦች ላይ ከተደረገ ጥናት የተገኘ ነው። ሂፖካምፐስ በተባለውና ለትዝታ ዋና በሆነው የአንጎል ክፍል ውስጥ በጨቅላነት ጊዜ አዳዲስ ሕዋሳት በብዛት ይፈጠራሉ። እነሱ ቦታ ሲይዙ ቀድሞ የተዘረጋውን ግንኙነት ያናጉታል። የሚረሳው አንጎሉ ገና እየተሠራ ስለሆነ ነው።

ለእሱ የምትለፊው እንግዲህ ለትዝታ ብለሽ አይሁን። ሲያለቅስ የሚደርስለት ሰው እንዳለ፣ ሲፈራ የሚያቅፈው እንዳለ እየተማረ ነው። የትና መቼ እንደተማረው አይነግርሽም። እኔ ግን ብዙ ዘመን መዋለ ሕፃናት ሳስተምር ይህን የተማረ ልጅ በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ተለይቶ ሲታየኝ ኖሬአለሁ። እሱም እንደሌሎቹ ያለቅሳል፤ ግን እጅ ስትዘረጊለት ይይዝሻል።

አሁን ወደ ትልቋ ልምጣ። እሷ ያለችበት ዕድሜ ትዝታ የሚቆይና የማይቆይ ሆኖ የሚለይበት ነው። ፓትሪሺያ ባወርና ማሪና ላርኪና የተባሉ ተመራማሪዎች ከ80 በላይ ሕፃናት በ3 ዓመታቸው ስለደረሱባቸው ነገሮች ከእናቶቻቸው ጋር ሲያወሩ ቀረጿቸው። ከዚያ ከፍ ሲሉ ስለ እነዚያው ነገሮች ጠየቋቸው። ከ5 እስከ 7 ዓመት ያሉት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያስታውሱ ነበር። የ8 እና የ9 ዓመቶቹ ግን ያስታወሱት 35 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ውጤት እናቶች ሁሉ ቢያውቁት እወዳለሁ። ልጅሽ ዛሬ የምታስታውሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛው የሚረግፈው ደግሞ 7 ዓመቷን ስትጨርስ አካባቢ ነው። ሳይረግፍ የሚቀረውን ከሚወስኑት አንዱ ዛሬ ስለ ነገሩ እንዴት እንደምታወሩ ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ «እስኪ ጨምሪልኝ» እያሉ ልጁ ወሬውን እንዲመራ የፈቀዱ እናቶች ልጆች በኋላ የተሻለ የተሟላ ትዝታ ነበራቸው።

ሌላ ደግሞ ልንገርሽ። ካትሪን ኔልሰንና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት እናቶች ትንንሽ ልጆቻቸውን ይዘው ሙዚየም ይጎበኛሉ። ከቀናት በኋላ ልጆቹ ምን እንዳዩ ሲጠየቁ ያነሡት እናትና ልጅ አብረው ያወሩበትን ነገር ነው። እናት ብቻዋን የተናገረችው ወይም ልጁ ብቻውን ጠቁሞ ዝም የተባለው አልተነሣም። ሙዚየሙ ያው አንድ ነው፤ የለየው ወሬው ነው።

ለአንቺ የምለውም ይህንኑ ነው። ጓደኞችሽ የሄዱበት ቦታ አያስቀናሽ። አንቺ ከልጅሽ ጋር የምታሳልፊው ምሽት አለሽ፤ እራትና ገላ ማጠብ አለሽ፤ ከመተኛት በፊት መብራቱ ጠፍቶ አልጋዋ ጠርዝ ላይ የምትቀመጪባቸው ደቂቃዎች አሉሽ። ልጅ ከምንም ጊዜ ይበልጥ የሚያወራው ያኔ ነው። የምትጠይቂበት መንገድ ግን ይለያያል። «ዛሬ ምን ሠራሽ?» ብትያት «ምንም» ትላለች፤ ቀኑ ለእሷ ሰፊ ነውና ከየት እንደምትጀምር አታውቅም። ይልቁንስ ከአንድ ነገር ጀምሪላት፦

«ጠዋት ስንወጣ ጃንጥላው ምን ሆነ?»
«ተገለበጠ!»
«ተገለበጠ! ከዚያስ?»
«አንቺ ጮኽሽ።»
«ጮኽኩ እንዴ? አንቺስ ምን አደረግሽ?»
«ሳቅሁ። ሰውየውም ሳቀ።»
«የቱ ሰውዬ? እኔ አላየሁትም፤ ንገሪኝ።»

የመጨረሻዋን አስተውያት። እናትየው ያላየችውን ልጅቷ አይታለች፤ ስለዚህ ነጋሪዋ እሷ ሆነች። ትክክል መለሰች፣ አልመለሰችም እያሉ እንደ ፈተና መጠየቅ ወሬውን ይገድለዋል። ስትሳሳትም ቶሎ አታርሚያት። ያንኑ ታሪክ ከሳምንት በኋላ ለአክስቷ ወይም ለአያቷ እንድትነግር ዕድሉን ስጪያት፤ የሚሰማ ሰው በተገኘ ቁጥር ታሪኩ ይጠነክራል። በኒውዚላንድ ኢሌን ሪስና ባልደረቦቿ እንዲህ በዝርዝር ከሚያወሩ እናቶች ጋር ያደጉ ልጆችን በወጣትነት መግቢያቸው ጠይቀው፣ የመጀመሪያ ትዝታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀደም ካለ ዕድሜ እንደሚጀምር አግኝተዋል።

ስለ ድካምሽ ደግሞ፤ እሱንም አውሪው። «ዛሬ እግሬ በጣም ደክሞ ነበር፤ አንቺ ግን ጫማዬን አወለቅሽልኝ» ብትያት «እናቴ ይደክማት ነበር» የሚለው ትዝታ ራሷ ልጅቷ ያለችበት ታሪክ ይሆናል። ይህን ለማጽናናት ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ። ሰኞ ጠዋት ልጆች ክብ ሠርተው ሲቀመጡ የሚያወሩትን ስሰማ ኖሬአለሁ። አጎቴ የጠፋ ጫማ ሲፈልግ አልጋ ሥር ተቀርቅሮ ጎትተን አወጣነው፤ መብራት ጠፍቶ እማዬ በግድግዳው ላይ በእጇ ጥላ ጥንቸል ሠራች፤ ይሄ ነው የሚወራው። ስለ ስጦታ የሚያወሩት ሲሰበር ነው።

ጥያቄ፦ ከልጄ እናት ጋር ተለያይተን ነው የምንኖረው። የ7 ዓመት ልጄን የማገኘው በየሁለት ሳምንቱ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። አንድም ሰዓት እንዳትባክን ብዬ መዝናኛ ቦታ፣ ሲኒማ፣ ጨዋታ እያልኩ ኪሴም አቅሜም ያልቃል። በቀደም «ከእኔ ጋር ካሳለፍካቸው ቀናት የቱን ወደድከው?» ብዬ ጠየቅሁት። «መኪናው ተበላሽቶ በዝናብ በእግራችን የሄድን ቀን» አለኝ። እኔ ያን ቀን ተናድጄ ጥርሴን እያፋጨሁ ነበር። ታዲያ ልፋቴ ሁሉ ምን ሆነ? — የቅዳሜና እሑድ አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅህ የሰጠህ መልስ ደስ ሊልህ የሚገባ ነው።

አንጎል ተመሳሳይ ነገሮችን ለየብቻ አያስቀምጥም። የተደጋገመው ነገር አንድ ላይ ይዋሐድና «አባዬ ጋ ስሄድ እንዲህ እናደርጋለን» የሚል አጠቃላይ እውቀት ይሆናል። ለየት ብሎ የሚቀረው ከተለመደው ያፈነገጠው ቀን ነው። አንተ ልዩ ቀን በልዩ ቀን ላይ ስትደርብበት ልዩው የተለመደ ሆነ። ዝናቡ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣው። ያን ቀን ደግሞ እሱም እንዳንተው መንገደኛ ነበር፤ አብሮህ ረጠበ፤ ምናልባት የሚይዝልህ ዕቃም ሰጥተኸው ይሆናል።

ከራሴ ምሳሌ ላምጣ። እኔ ትንሽ ሳለሁ በቤታችን የግድግዳ ሰዓት ነበር። በየሳምንቱ እሑድ ማታ አባቴ ብብቴ ሥር ይዞ ያነሣኝና ቁልፉን እኔ እጠመዝዛለሁ። ያ ሁሉ እሑድ ማታ ዛሬ በአእምሮዬ አንድ ማታ ነው፦ የአባቴ አገጭ ጭንቅላቴን ሲወጋኝ፣ ቁልፉ ሲንገጫገጭ፣ «በቃ፣ እንዳይበጠስ» ሲለኝ። ለብቻው ተነጥሎ የማስታውሰው አንድ ብቻ አለ፤ ቁልፉ ከእጄ አምልጦ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የወደቀበት። ቤተሰቡ ሁሉ ተነሥቶ ቁም ሳጥኑን ገፋ፤ ከጀርባው ቁልፉ ብቻ ሳይሆን የእናቴ ጠፍቶ የነበረ መቀስም ወጣ። የዚያ ማታ ሳቅ አሁንም ይሰማኛል። ልብ በልልኝ፤ በየሳምንቱ ሰዓቱን ባንሞላው ኖሮ ያ ማታ አይኖርም ነበር። ያፈነገጠው የሚታየው የተለመደው ስላለ ነው።

ስለዚህ ወጪውን ቀንስና የሁለታችሁ ብቻ የሆነ፣ በመጣ ቁጥር የምትሠሩት አንድ ነገር ይኑራችሁ። የተበላሸ ነገር መፈታታት ይሁን፣ አንድ ዛፍ ጋ ሄዶ ቁመት መለካት ይሁን፣ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ እሱ ማዘጋጀቱ ይሁን፤ ዓይነቱ ለእናንተ ነው። ዋናው ያለ እሱ እጅ የማይሠራ መሆኑ ነው። ሲኒማ ውስጥ እሱ ባይኖርም ፊልሙ ይታያል። አንዳንዴ ነገሩ ይበላሻል፤ ተወው ይበላሽ፣ ቸኩለህ አታስተካክለው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እሑድ ማታ ስትለያዩ እንዴት ነው? የምጠይቅህ ያለ ምክንያት አይደለም። ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት ሰዎች እጃቸውን ለ60 ሴኮንድ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከተቱ። በሌላ ዙር ደግሞ ያንኑ 60 ሴኮንድ ቆይተው፣ ቅዝቃዜው በጥቂቱ በቀነሰ ውኃ ሌላ 30 ሴኮንድ ጨመሩ። የቱን መድገም እንደሚሹ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ረዥሙን መረጡ። ስቃዩ ቢረዝምም መጨረሻው ለስለስ ያለ ነበር። ጥናቱ በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ቢሆንም መሰነባበቻ እንዴት እንደሚከብድ ልጆች ላይም አይቻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ተዝናንቶ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት «ቶሎ በል፣ ቦርሳህ የት አለ፣ እናትህ ትቆጣለች» ከሆነ ያን ይዞ ነው የሚሄደው። ቦርሳውን ቀደም ብላችሁ አሰናዱና የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ባዶ አድርጋት። ተቀመጡ፤ ሁለቱን ቀን አብራችሁ አውሩት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ አያት ነኝ። ልጄና ሚስቱ የልጅ ልጄን እያንዳንዷን እርምጃ በስልክ ያነሣሉ። ልጁ ሊያሳያቸው ሲሮጥ የሚያገኘው ስልክ ነው፣ ፊታቸውን አያገኝም። ዝም ልበል ወይስ ልናገር? — የልጅ ልጅ ያየሁ

መልስ፦ ይናገሩ እንጂ እናቴ። ግን ፎቶ መጥፎ ነው ብለው አይጀምሩ፤ አይሰሙዎትም፣ እውነትም አይደለም። ሊንዳ ሄንከል የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት ሙዚየም የጎበኙ ሰዎች ፎቶ ያነሡትን ዕቃ፣ ዝም ብለው ካዩት ይልቅ በደንብ አላስታወሱትም። ካሜራው ያስታውስልኛል ብሎ ሰው ማየቱን ይተወዋል። የሚረሱት እንግዲህ አንሺዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ለልጅዎ ይህን ይንገሩት፣ ይገባዋል።

ፎቶው የሚጠቅመው ሲታይ ነው። በመዋለ ሕፃናት ሳሉ አንድ ሙዚየም የጎበኙ ልጆች ከ6 ዓመት በኋላ እንዲሁ ሲጠየቁ ጉብኝቱን የሚያስታውስ አልተገኘም ማለት ይቻላል፤ የዚያን ቀን ፎቶ ሲያዩ ግን ብዙዎቹ መተረክ ጀመሩ። በስልክ ውስጥ የታጨቀ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ግን ማንም አያየውም። እርስዎ ጥቂቱን አሳትሙልኝ ይበሏቸውና ልጁን ከጎንዎ አስቀምጠው አብረው ይዩት። «ይሄ ማነው? እዚህ ጋ ለምን ታለቅስ ነበር?» ይበሉት። ይህን ሥራ ከአያት የተሻለ የሚሠራው የለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ያረፈው ልጃችን 2 ዓመት ከጥቂት ወር ሳለ ነው። አሁን 5 ሊሞላው ነው። አባቱን እንዳይረሳው ሌት ተቀን እጨነቃለሁ። ሰሞኑን ደግሞ «አባዬ ብስክሌት አስተምሮኛል» እያለ ለሰው ይናገራል። እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። ላርመው? ወይስ ደስ ካለው ልተወው? — የእሱን አደራ የያዝኩ

መልስ፦ የኔ እህት፣ መጽናናቱን ይስጥሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት።

እውነቱን ልንገርሽ፤ የራሱ ዓይን ያየው የአባቱ ትዝታ ሳይቆይለት ሊቀር ይችላል። የአንቺ ጥፋት አይደለም፣ የእሱም የፍቅር ማነስ አይደለም፤ ዕድሜው ነው። ከእንግዲህ አባቱን የሚያውቀው ባብዛኛው በሚነገረው ነው። ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን ከራሳችን ልጅነት የምናውቀው ግማሹ የተነገረን ነው።

ስለ ብስክሌቱ፦ ልጄ ዋሸ አትበዪ። አልዋሸም። ኤሊዛቤት ሎፍተስ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ጥናት፣ ለአዋቂዎች በልጅነታችሁ ገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍታችሁ ነበር የሚል ያልሆነ ታሪክ የገዛ ዘመዶቻቸው ከሚያውቁት እውነተኛ ታሪክ ጋር ተቀላቅሎ ቀረበላቸው። ከተሳታፊዎቹ ሩብ ያህሉ በከፊልም ሆነ በሙሉ ትዝ ይለናል አሉ። ትልቅ ሰው እንዲህ ከሆነ የ5 ዓመት ልጅ ሌላ ልጅ ከአባቱ ጋር ብስክሌት ሲማር አይቶ፣ ተመኝቶ፣ በሐሳቡ ሥሎት፣ የራሱ ቢያደርገው አይገርምም።

አትቆጪው፤ ሰው ፊት ደግሞ ፈጽሞ አታርሚው። ነገር ግን «አዎ፣ አስተምሮሃል» አትበዪው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቀኑን አስልቶ እንዳልሆነ ሲደርስበት፣ ያልሽውን እውነት ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የሚያጣው ከብስክሌቱ በላይ ነው። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ «ብስክሌት ሲያስተምርህ እኔ አላየሁም። ያየሁትን ልንገርህ?» በይውና በእርግጥ የሆነውን ስጪው። ትልቅ ነገር አትፈልጊ። ሲያስነጥስ ቤቱ እንዴት ይነቃነቅ እንደነበር፣ ሕፃኑን ሲያስተኛ እያዜመ ራሱ ቀድሞ ይተኛ እንደነበር፣ የሸሚዙን እጅጌ የሚጠቀልልበትን መንገድ፣ ምን ያስቀው እንደነበር፣ የሚናደድበትንም ጭምር። ጉድለት የሌለው አባት ለልጅ አይጨበጥም። እያለቀስሽ ብትነግሪውም ግድ የለም፤ የሚያስለቅስሽ እሱ እንዳልሆነ ብቻ ንገሪው።

ብስክሌቱንም አትጣይው። ዝም ብሎ ከመጣ ምኞት በላይ ነው፤ መማር እየፈለገ ነው። ከባለቤትሽ ወንድሞች ወይም ጓደኞች አንዱን ለምኚና ያስተምረው፤ ሲያስተምረውም ከአባቱ ጋር በልጅነታቸው ያደረጉትን እያወራለት።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ጀምሪ። ባለቤትሽን የሚያውቁት ሰዎችም እየረሱት ነው፤ አዋቂም ይረሳል። አብረውት የሠሩትን፣ አብረውት የተማሩትን፣ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞርሽ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ታሪክ እንዲነግሩሽ ጠይቂ። «ጥሩ ሰው ነበር» የሚለውን አትቀበይ፤ የሆነ ቀን የሆነ ነገር ይንገሩሽ። ፈቃደኛ ከሆኑ ድምፃቸውን ቅረጪ፣ ካልሆነ በደብተር ጻፊው። የባለቤትሽ የራሱ ድምፅ በስልክ መልእክት ተቀርጾ ካለ ሳይጠፋ በሁለት ቦታ አስቀምጪው። ከእያንዳንዱ ታሪክ ሥር ማን እንደነገረሽና መቼ እንደነገረሽ ጻፊ፤ ልጅሽ ጎረምሳ ሲሆን ደብተሩን ይዞ እነዚያን ሰዎች ራሱ ሄዶ ይጠይቃቸዋል፤ አንቺ ያልሰማሽውንም ያን ጊዜ ይነግሩታል።